የሻፐሮን ፕሮቲኖችን በኮምፒውተር ለመሞደል የትኛውን ዘዴ እንምረጥ?

«ለሻፐሮን ሥራ አልፋፎልድ ይሻላል ወይስ ግሮማክስ?» የመመረቂያ ርዕስ የሚመርጡ ተማሪዎች ደጋግመው ይጠይቁኛል። ሻፐሮን ሌሎች ፕሮቲኖች ትክክለኛ ቅርጻቸውን ይዘው እንዲታጠፉ የሚረዳ ፕሮቲን ነው፤ አልፋፎልድ የፕሮቲንን ቅርጽ ይተነብያል፣ ግሮማክስ ደግሞ የአቶሞችን እንቅስቃሴ ያሰላል። ጥያቄው ማረሻ ይሻላል ወይስ ማጭድ እንደማለት ነው። ሁለቱም የገበሬ ዕቃ ናቸው፤ ወራቸው ግን ለየቅል ነው። ሰኔ ላይ ማጭድ ይዞ እርሻ የወረደ ሰው ቢቸገር ጥፋቱ የማጭዱ አይደለም።

እዚህ የማወዳድረው አምስት ዓይነት ሞዴሎችን ነው፦ የመዋቅር ትንበያን፣ የሙሉ አቶም ሲሙሌሽንን፣ የዶቃ ሞዴሎችን፣ የስፕሪንግ መረብንና የኪኔቲክስ ቀመርን። ለሁሉም እኩል ቦታ አልሰጠሁም፤ አንዳንዱ በሦስት ዐረፍተ ነገር ያልቃል። ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ሻፐሮን ምን ይሠራል?

ክርስቲያን አንፊንሰን በ1972 የኖቤል ሽልማት ያገኘው የፕሮቲን ቅርጽ በአሚኖ አሲዶቹ ቅደም ተከተል ውስጥ ተጽፎ እንደሚገኝ በማሳየቱ ነው። በብልቃጥ ውስጥ፣ በቀጠነ ፈሳሽ፣ የተፈታ ትንሽ ፕሮቲን ብቻውን ተመልሶ ሊታጠፍ ይችላል። ሴል ውስጥ ግን እንደ በዓል ዋዜማ ገበያ መፈናፈኛ የለም። ገና ያልታጠፈ ሰንሰለት ውሃ የሚሸሹ ክፍሎቹን ገልጦ ሲወጣ ከጎረቤቱ ጋር ይጣበቃል። እንቁላል ሲቀቀል ነጩ የሚረጋውም ፕሮቲኖቹ በሙቀት ተፈተው እርስ በርስ ስለሚጣበቁ ነው።

ይህን መጣበቅ የሚከላከሉትን ፕሮቲኖች ሻፐሮን እንላቸዋለን። ስሙን በ1978 መጀመሪያ የተጠቀሙበት ሮን ላስኪና ባልደረቦቹ ናቸው፤ ያን ጊዜ የተሰጠውም ሂስቶኖች (ዲኤንኤ የሚጠመጠምባቸው ፕሮቲኖች) ከዲኤንኤ ጋር በሥርዓት እንዲገጣጠሙ ለሚረዳው ኑክሊዮፕላዝሚን ብቻ ነበር። ጆን ኤሊስ በ1987 ትርጉሙን አሰፋው። በእኛ አነጋገር ሚዜ ማለት ነው፦ ሙሽራውን ያጅባል፣ ካልሆነ ሰው ጋር እንዳይያያዝ ይጠብቀዋል፣ ጎጆ ሲወጣ ግን አብሮ አይገባም። ሞዴል ለሚሠራ ሰው ይህ ትልቅ ቁም ነገር ነው። ሻፐሮኑ በመጨረሻው ቅርጽ ውስጥ ስለሌለ የመጨረሻውን ቅርጽ ብቻ የሚያሳይ መሣሪያ የሻፐሮኑን ሥራ ሊያሳይ አይችልም።

ከዘዴው በፊት ሻፐሮኑን ምረጡ

«ሻፐሮን» የአንድ ማሽን ስም አይደለም። ኤችኤስፒ70 የተባለው ሻፐሮን የሚይዘው አጭር የሰንሰለት ቁራጭ ነው፤ አምስት ያህል ውሃ የሚሸሹ አሚኖ አሲዶችን፣ ግራና ቀኛቸው ፖዘቲቭ ቻርጅ ያላቸው ሲሆኑ ይመርጣል። እንዲህ ያለ ቦታ በአማካይ በየ40 አሚኖ አሲዱ አንዴ ይገኛል ማለት ይቻላል። ኤቲፒ (የሴል ነዳጅ የሆነውን ሞለኪውል) ሲይዝ ክዳኑ ተከፍቶ ይዞ ይለቃል፤ ኤቲፒው ወደ ኤዲፒ ሲቀየር ክዳኑ ተዘግቶ አጥብቆ ይይዛል። ስለዚህ የኤችኤስፒ70 ጥያቄ ብዙውን ጊዜ «የትኛውን ቁራጭ፣ ምን ያህል አጥብቆ?» የሚል ነው።

ግሮኢኤል ሌላ ዓለም ነው። በኢ. ኮላይ ባክቴሪያ ውስጥ ያለው ይህ ሻፐሮን ሰባት ሰባት ንዑስ ክፍል ያላቸው ሁለት ቀለበቶች ተደራርበው የሠሩት በርሜል ሲሆን ክብደቱ 800 ኪሎዳልተን ገደማ ነው። ግሮኢኤስ የሚባለው ደግሞ እንደ መሶብ ክዳን ከላይ ይገጠማል። ክዳኑ ሲገጠም የውስጡ ዋሻ ከ85 ወደ 175 ኩብ ናኖሜትር ገደማ ይሰፋል። እስከ 60 ኪሎዳልተን የሚደርስ ፕሮቲን እዚያ ውስጥ ለብቻው ታሽጎ ይቆያል፤ ኤቲፒው እስኪያልቅ 10 ሰከንድ ገደማ ይፈጃል፣ ከዚያ ክዳኑ ይነሣል። እዚህ ጥያቄው «መታሸጉ መንገዱን እንዴት ቀየረው?» ነው።

ኤችኤስፒ90 ከሁለቱም ይለያል። ወደ እሱ የሚደርሰው ፕሮቲን ብዙ ጊዜ ከመንገዱ አብዛኛውን የጨረሰ ነው፦ ካይኔዞች (ፎስፌት የሚለጥፉ ኢንዛይሞች)፣ የስቴሮይድ ሆርሞን ተቀባዮች። በ2016 በክራዮ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ኤችኤስፒ90፣ ረዳቱ ሲዲሲ37 እና ሲዲኬ4 የተባለው ካይኔዝ አብረው ሲታዩ የካይኔዙ ሁለት ክንፎች ተለያይተው፣ መካከላቸው ያለው ሰንሰለት ተዘርግቶ በኤችኤስፒ90 ውስጥ ሲያልፍ ተገኝቷል። በኤችኤስፒ90 ላይ የምትሠሩ ከሆነ ከባዶ አትነሡ፤ እንዲህ ካለ የታየ መዋቅር ጀምሩ።

ሁሉንም የማጣራበት አንድ ጥያቄ

የማንኛውንም ሞዴል መግለጫ ሳነብ መጀመሪያ የምፈልገው ይህን ነው፦ በዚህ ሞዴል ውስጥ ፕሮቲኑ መሳሳት፣ ማለትም ያልሆነ ቅርጽ መያዝ፣ ይችላል? ተሳስቶስ ተጣብቆ መቅረት ይችላል? የማይሳሳት ፕሮቲን ሻፐሮን አያስፈልገውም። ነገሩ ግልጽ ይመስላል፤ ነገር ግን ፕሮቲኑ በፍጹም ሊሳሳት በማይችልበት ሞዴል ላይ ሻፐሮን ጨምረው «ሻፐሮኑ ብዙም አልረዳም» ብለው የሚደመድሙ ሥራዎች አጋጥመውኛል። ጤነኛ ሰው ሐኪም ቤት ወስዶ መድኃኒቱ አልሠራም እንደማለት ነው።

የመዋቅር ትንበያ፦ ፎቶ እንጂ ፊልም አይደለም

አልፋፎልድ 2 በ2020 በተካሄደው የትንበያ ውድድር የሜዳውን መልክ ቀየረ፤ በ2022 የመረጃ ቋቱ ከ200 ሚሊዮን በላይ መዋቅሮችን ያዘ፤ አልፋፎልድ 3 በ2024 ወጣ፤ በዚያው ዓመት ዴሚስ ሀሳቢስና ጆን ጃምፐር ከዴቪድ ቤከር ጋር የኬሚስትሪ ኖቤልን ተካፈሉ። ክብሩ ይገባቸዋል። ግን የሚሰጠን የታጠፈውን ቅርጽ ነው። ሰንሰለቱ እዚያ ለመድረስ በየት በኩል እንዳለፈ፣ የት እንደተሰናከለ፣ ማን እንዳነሣው አይነግረንም። ስሌቱ ውስጥ ቅርጹ ደረጃ በደረጃ ሲጠራ የምናየው ነገር የመታጠፍ ጉዞ ይመስላል፤ እንደ ፊልም እንዳትቆጥሩት።

ሻፐሮኑን ራሱን ለመገንባት ግን ከሱ የተሻለ መነሻ ማግኘት ከባድ ነው። አንድ ተግባራዊ ስሌት ላሳያችሁ። አንድ የግሮኢኤል ንዑስ ክፍል ጂኑ ላይ እንደተጻፈ 548፣ የግሮኢኤስ ደግሞ 97 አሚኖ አሲድ ነው። ነጻው የአልፋፎልድ ሰርቨር በአንድ ሥራ የሚቀበለው እስከ 5,000 ቶክን ነው፤ አንድ አሚኖ አሲድ አንድ ቶክን ይቆጠራል። ሁለቱ የግሮኢኤል ቀለበቶች ብቻ 7,672 ስለሚሆኑ አይገቡም። አንዱ ቀለበት ከነክዳኑ ግን 4,515 ነው፤ ሰባት የኤቲፒ ሞለኪውሎች ከነማግኒዚየማቸው ቢጨመሩ እንኳ ቦታ ይተርፋል። በጉግል ነጻ ኮላብ ላይ ኮላብፎልድን (ቀለል ያለውን የአልፋፎልድ ማስኬጃ) ለምትጠቀሙ፣ 16 ጊጋባይት ማስታወሻ ባለው ጂፒዩ (የግራፊክስ ካርድ) ወሰኑ ወደ 2,000 አሚኖ አሲድ ገደማ ነው። ስለዚህ ግሮኢኤልን እዚያ አትሞክሩት፤ 638 አሚኖ አሲድ ያለው የኢ. ኮላይ ኤችኤስፒ70 ግን ያለ ችግር ይገባል።

ኤችኤስፒ70 ላይ የሚጠብቃችሁ ወጥመድ ሌላ ነው። ፕሮቲኑ ሁለት መልክ አለው። በኤዲፒ ጊዜ ሁለቱ ክፍሎቹ ተለያይተው ክዳኑ ይዘጋል፤ በኤቲፒ ጊዜ ክፍሎቹ ተጋጥመው ክዳኑ ይከፈታል። ትንበያው አንዱን መርጦ ይሰጣችኋል፤ የትኛው እንደሆነ ሳያረጋግጡ መቀጠል ወር ያስበላል። ሁለቱም መልኮች በሙከራ ስለታወቁ ያገኛችሁትን ከሁለቱም ጋር አስተያዩት። የፒኤልዲዲቲ ነጥቡ (ትንበያው በራሱ ያለው መተማመን፣ ከ100) ከ50 በታች የሆነ ክፍል ካያችሁም «ትንበያው ተበላሸ» ብላችሁ አትጣሉት፤ ብዙ ጊዜ ክፍሉ በእውነትም ቋሚ ቅርጽ የለውም ማለት ነው። የግሮኢኤስ ተንቀሳቃሽ የሰንሰለት ክፍሎች ለብቻቸው ሲሆኑ ልቅ ናቸው፤ ቅርጽ የሚይዙት ግሮኢኤልን ሲጨብጡ ነው።

ሙሉ አቶም፦ እውነተኛ፣ ግን የጊዜ ድሃ

እዚህ እያንዳንዱ አቶም፣ ውሃውም ጨውም ሳይቀር፣ በኒውተን ሕግ ይንቀሳቀሳል። ግሮማክስ፣ ናምድ፣ አምበር፣ ኦፕንኤምኤም የሚባሉት ሶፍትዌሮች የሚሠሩት ይህን ነው። በ1977 የመጀመሪያው የፕሮቲን ሲሙሌሽን ሲወጣ 58 አሚኖ አሲድ ያለው ቢፒቲአይ ለ9 ፒኮሰከንድ ያህል ተከተሉት። በ2010 ደግሞ አንተን የተባለው ለዚሁ ሥራ ብቻ የተሠራ ኮምፒውተር ያንኑ ፕሮቲን ለ1 ሚሊሰከንድ ተከታተለ። በ33 ዓመት መቶ ሚሊዮን እጥፍ ማለት ነው።

እና ለግሮኢኤል ይህም አይበቃም። ሒሳቡን አብረን እንሥራ። ሲሙሌሽኑ በእያንዳንዱ እርምጃ 2 ፌምቶሰከንድ (አንዱ የሰከንድ ቢሊዮንኛ ሚሊዮንኛ ነው) ይራመዳል። የክዳኑ ዑደት 10 ሰከንድ ከሆነ 5 ሚሊዮን ቢሊዮን እርምጃ ያስፈልጋል። ግሮኢኤል ከነክዳኑና ከነውሃው፣ እንደ ሣጥኑ መጠን፣ ከግማሽ ሚሊዮን እስከ አንድ ሚሊዮን ገደማ አቶም ይሆናል። አንድ ጥሩ ጂፒዩ በቀን 10 ናኖሰከንድ ቢያስኬድልን አንዱን ዑደት ለመጨረስ ቢሊዮን ቀን፣ ማለትም 2.7 ሚሊዮን ዓመት ይፈጃል። ድንቅነሽ በአዋሽ ሸለቆ ከሞተች 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው፤ እሷ በሕይወት ሳለች ብናስጀምረው ኖሮ አሁን ውጤቱን እየጻፍን ነበር።

ስለዚህ ሙሉ አቶምን የምመክረው ለጠባብ ጥያቄ ነው። ለዚያ ደግሞ የሚወዳደረው የለም። የኤችኤስፒ70 የመያዣ ክፍል ብቻውን 220 ያህል አሚኖ አሲድ ነው። በ1996 ሰባት አሚኖ አሲድ ያለው አጭር ሰንሰለት ይዞ በክሪስታል ታይቷል፤ የያዘው ሰንሰለት መሐል ላይ ሉሲን የተባሉ ሦስት ውሃ የሚሸሹ አሚኖ አሲዶች ተከታትለው ነበር። ከነውሃው ከመቶ ሺሕ አቶም በታች ስለሚሆን በአንድ የጨዋታ ጂፒዩ በቂ ማይክሮሰከንድ ማስኬድ ይቻላል። «መሐሉን ሉሲን በአላኒን ብተካው መያዙ ስንት ይላላል?» ለሚል ጥያቄ የነጻ ኃይል ስሌት (የመያዝ ጥንካሬን በኃይል ልዩነት የሚለካው) ጥሩ መልስ ይሰጣል። የተለመደው ስሕተት 1 ኪሎካሎሪ በሞል አካባቢ መሆኑን አትርሱ፤ በክፍል ሙቀት ይህ የመያዝ ጥንካሬን በአምስት እጥፍ ያህል ያዛባል። ስለዚህ «ሁለት እጥፍ ላላ» የሚል ድምዳሜ ከዚህ ዘዴ አትጠብቁ።

ፎርስ ፊልድ (አቶሞቹ እንዴት እንደሚሳሳቡና እንደሚገፋፉ የሚወስነውን ቀመር) ስትመርጡ ደግሞ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። የቆዩት ፎርስ ፊልዶች የተስተካከሉት ለታጠፉ ፕሮቲኖች በመሆኑ ያልታጠፈውን ሰንሰለት ከሚገባው በላይ ያኮማትሩታል። የሻፐሮን ደንበኛ (የሚረዳው ፕሮቲን) ደግሞ ብዙ ጊዜ ያልታጠፈ ነው! ቻርም36ኤም በ2017፣ ኤ99ኤስቢ-ዲስፕ በ2018 የወጡት ይህን ለማቃናት ነው። ከእነዚህ አንዱን ያዙ እንጂ ከአሥር ዓመት በፊት የተጻፈ መማሪያ ላይ ያገኛችሁትን ዝም ብላችሁ አትቅዱ።

መብራት ሲጠፋስ? ግሮማክስ ካልቀየራችሁት በቀር በየ15 ደቂቃው ቼክፖይንት (ሥራው የደረሰበትን መዝገብ) ይጽፋል፤ ስለዚህ የሚጠፋባችሁ ቢበዛ የሩብ ሰዓት ሥራ ነው። የሚያሳስበው ሃርድ ዲስኩ ነው። አንድ ሚሊዮን አቶም ያለው አንድ ቅጽበት ሳይጨመቅ 12 ሜጋባይት ይይዛል፤ አሥር ሺሕ ቅጽበት ብታስቀምጡ 120 ጊጋባይት ሞላ። ውሃውን አታስቀምጡ።

የዶቃ ሞዴሎች፦ እዚህ ቆም ብላችሁ ምረጡ

አንድን አሚኖ አሲድ በአንድ ወይም በሁለት በሦስት ዶቃ ተክቶ በክር መሰካት ነው። ውሃው አብዛኛውን ጊዜ የለም፤ ተጽዕኖው ብቻ በቀመር ይገባል። 300 አሚኖ አሲድ ያለው ፕሮቲን 300 ዶቃ ይሆናል፤ ተራ ላፕቶፕ ሌሊቱን ሙሉ ብዙ ጊዜ ሊያጥፈውና ሊፈታው ይችላል። ለሻፐሮን ጥያቄ በብርም በጊዜም ከሁሉ የሚያዋጣው ይህ ይመስለኛል። ነገር ግን «የዶቃ ሞዴል» ሲባል ውስጡ እጅግ የተለያዩ ሦስት ነገሮች አሉ፤ ተማሪ የሚሳሳተውም እነሱን ሲያቀላቅል ነው።

የመጀመሪያው በጃፓናዊው ኖቡሂሮ ጎ ስም የሚጠራው ሞዴል ሲሆን መነሻው የ1970ዎቹ አጋማሽ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ በታጠፈው ቅርጽ ውስጥ የሚነካኩ ዶቃዎች ብቻ ይሳሳባሉ፣ የቀሩት ይገፋፋሉ። ስሞግ የሚባለው መሣሪያ የፒዲቢ ፋይል (ከመዋቅር ቋት የሚወርድ የፕሮቲን ቅርጽ) ሰጥታችሁት ለግሮማክስ የሚሆን ዝግጁ ፋይል ያወጣላችኋል። ችግሩ ከላይ የጠየቅሁት ጥያቄ ላይ ነው። በንጹሑ የጎ ሞዴል የተሳሳተ መሳሳብ ስለሌለ ፕሮቲኑ ከስሕተት ጋር የሚጣበቅበት ሙጫ የለውም። ቢበዛ ክሩ ይተበተባል። ስለዚህ ለሻፐሮን ሥራ ስትጠቀሙበት ውሃ በሚሸሹ ዶቃዎች መካከል፣ በታጠፈው ቅርጽ ባይነካኩም፣ ደካማ መሳሳብ ጨምሩበት። ይህን አንድ መስመር መጨመርና አለመጨመር የውጤቱን አቅጣጫ ይለውጠዋል።

ሁለተኛው አውሰም ነው። ሦስት ነጥብ ለአንድ አሚኖ አሲድ ይሰጣል፤ መሳሳቡም ከአሚኖ አሲዶቹ ዓይነት ስለሚመጣ ፕሮቲኑ በራሱ መሳሳት ይችላል። ከጎ ሞዴል ይዘገያል፤ ማስተካከያዎቹም ብዙ ናቸው። ሁለት ሰንሰለቶች ተጣብቀው እንዴት እንደሚበላሹ ማየት ከፈለጋችሁ ግን ልፋቱ ይክሳል።

ሦስተኛው ማርቲኒ ነው፤ ብዙ ሰው የሚያውቀውም እሱን ነው። በግምት አራት ከባድ አቶም በአንድ ዶቃ ይተካል፤ ሦስተኛው እትም በ2021 ወጥቷል። ለሴል ሽፋን፣ ለትላልቅ ስብስቦች ግሩም ነው። ለመታጠፍ ግን አይሆንም፤ ጠመዝማዛውና ዝርጉ መዋቅር ከመጀመሪያው በተጠቃሚው ተወስኖ ስለሚታሰር ፕሮቲኑ አይታጠፍም፣ አይፈታምም። «በማርቲኒ የፕሮቲን መታጠፍ ከሻፐሮን ጋር» የሚል ርዕስ ካቀረባችሁ አማካሪያችሁ ቢመልሰው አትቀየሙት።

አሁን ወደ ግሮኢኤል ዋሻ እንመለስ፤ የዶቃ ሞዴል ሙሉ ጥቅሙን የሚያሳየው እዚህ ነውና። ቀላሉ አሠራር ዋሻውን እንደ ባዶ ኳስ መቁጠር ነው። 175 ኩብ ናኖሜትር ያለው ኳስ ራዲየሱ 3.5 ናኖሜትር ገደማ ነው። ፕሮቲኑ ውስጡ ይታሸጋል። የታሸገ ሰንሰለት እንደ ልቡ መዘርጋት አይችልም፤ የተዘረጉት ቅርጾች ስለሚከለከሉ የታጠፈው ያሸንፋል። ዋሻው ሲጠብብ መታጠፉ ይፈጥናል፤ ከልክ በላይ ሲጠብብ ግን ሰንሰለቱ መገላበጫ አጥቶ ይዘገያል። ይህን ኩርባ ራሳችሁ በሁለት ሳምንት ልታወጡት ትችላላችሁ፤ ለመጀመሪያ ሥራ ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

ባዶው ኳስ የሚደብቃቸው ሦስት ነገሮች ግን አሉ። አንደኛው ቻርጅ ነው፤ የተዘጋው ዋሻ ግድግዳ በድምሩ 42 ኔጌቲቭ ቻርጅ አለው። ሁለተኛው ጭራዎቹ ናቸው። የእያንዳንዱ የግሮኢኤል ንዑስ ክፍል መጨረሻ 23 አሚኖ አሲዶች ልቅ በመሆናቸው በክሪስታል መዋቅሩ ላይ አይታዩም፤ ሰባቱም ጭራዎች ግን ዋሻው ወለል ላይ ተከማችተው ቦታ ይይዛሉ። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ከፒዲቢ ያወረድሁትን እንዳለ ይዤ ሦስት ሳምንት ካስኬድሁ በኋላ ነው ዋሻዬ ከእውነተኛው የሰፋ መሆኑ የገባኝ። በነገራችን ላይ በ1994 የወጣው የመጀመሪያው የግሮኢኤል ክሪስታል ሁለት የተለወጡ አሚኖ አሲዶች ያሉት ዝርያ ነበር፤ ፋይሉን ስታወርዱ ቅደም ተከተሉን ከተፈጥሮው ጋር አስተያዩ።

ሦስተኛው ከሁሉ ይብሳል፦ ግድግዳው ይቀያየራል። ክዳኑ ከመገጠሙ በፊት የቀለበቱ አፍ ውሃ የሚሸሹ ክፍሎቹን አውጥቶ የተሳሳተውን ፕሮቲን ይይዛል። ኤቲፒና ክዳኑ ሲመጡ የላይኞቹ ክፍሎች 60 ዲግሪ ወደ ላይ ተነሥተው 90 ዲግሪ ያህል ይዞራሉ፤ የሚጣበቀው ግድግዳ ይሸሸግና ውሃ ወዳዱ ይተካል። ፕሮቲኑ ተይዞ ሳለ ይወጠራል፣ ከዚያ ይለቀቃል፣ እንደገና ዕድሉን ይሞክራል። ቶድ፣ ሎሪመርና ቲሩማላይ በ1996 ያቀረቡት ሐሳብ የግሮኢኤል ኃይል ከመታሸጉ ይልቅ በዚህ መደጋገም ላይ ነው የሚል ነበር። ሌሎች ደግሞ ዋሻው ፕሮቲኖቹ እርስ በርስ እንዳይጣበቁ ብቻ የሚያገልል ዝምተኛ ክፍል ነው ይላሉ፤ የለም፣ መታጠፉን ራሱን ያፋጥናል የሚሉም አሉ። ክርክሩ ዛሬም ይጋጋላል። ስለዚህ የማይለዋወጥ ኳስ ስትመርጡ ሳታውቁት በክርክሩ ውስጥ ወገን ይዛችኋል። ግድግዳውን በየተወሰነ እርምጃ ከሚጣበቅ ወደማይጣበቅ የሚቀያይር ኮድ መጻፍ በኦፕንኤምኤም ጥቂት መስመር ነው፤ ሁለቱንም አስኪዱና አወዳድሩ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። የዶቃ ሞዴል ሰዓት የእኛ ሰዓት አይደለም። ውሃው ስለሌለ ሁሉም ነገር ይፈጥናል። «በ3 ማይክሮሰከንድ ታጠፈ» ብላችሁ አትጻፉ፤ «ከዋሻው ውጪ ካለው በሁለት እጥፍ ፈጠነ» ማለት ግን ትችላላችሁ።

የስፕሪንግ መረብ

አጭር ነው። ቅርብ ለቅርብ ያሉ አሚኖ አሲዶችን በስፕሪንግ አገናኝቶ መዋቅሩ በቀላሉ ወዴት መወዛወዝ እንደሚችል ማየት ነው። ስሌቱ ለግሮኢኤል እንኳ በደቂቃዎች ያልቃል፤ የላይኞቹ ክፍሎች ወዴት እንደሚነሡም ጥሩ ፍንጭ ይሰጣል። ደንበኛው ፕሮቲን ግን ውስጡ የለም፣ ኬሚስትሪም የለም። በአንድ ከሰዓት በኋላ የምትሠሩት የመጀመሪያ ምዕራፍ እንጂ ሙሉ ተሲስ አይሆንም።

ኪኔቲክስ፦ የተናቀው ምርጫ

ከላይ ያሉት ሁሉ የሚጋሩት አንድ ጉድለት አለ። ሣጥኑ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ያለው አንድ ሰንሰለት ነው። መጣበቅ ደግሞ የሁለት ሰው ጠብ ነው፤ ብቻውን የሚጣላ የለም። ክምችቱ እጥፍ ሲሆን የመጣበቁ ፍጥነት አራት እጥፍ ይሆናል፤ የመታጠፉ ፍጥነት ግን እጥፍ ብቻ ነው። ይህ ፉክክር የሻፐሮን ህልውና ምክንያት ሆኖ ሳለ በአንድ ሰንሰለት ሲሙሌሽን ውስጥ ጨርሶ አይታይም።

የኪኔቲክስ ሞዴል ቅርጽ የሚባል ነገር ትቶ ሁኔታዎችን ብቻ ይቆጥራል፦ የተፈታ፣ የተሳሳተ፣ የታጠፈ፣ የተጣበቀ፣ በሻፐሮን የተያዘ። በመካከላቸው የፍጥነት ቁጥሮች ይገባሉ። ለምሳሌ አንድ ፕሮቲን በእያንዳንዱ የግሮኢኤል ዙር 5 ከመቶ ብቻ ይሳካለታል እንበል። ከ14 ዙር በኋላ ግማሹ፣ ከ45 ዙር በኋላ 90 ከመቶው ታጥፏል። ዙሩ 10 ሰከንድ ከሆነ ይህ ሰባት ደቂቃ ተኩል ነው፤ አንድ ኢ. ኮላይ በተመቸው ጊዜ ለሁለት ለመከፈል 20 ደቂቃ ይበቃዋል። እንዲህ ያለ ነገር በወረቀትና እርሳስ ይወጣል፤ ሲወሳሰብ ኮፓሲ የተባለው ነጻ ሶፍትዌር ወይም ተራ የፓይተን ኮድ ይሠራዋል። በ2012 የወጣው ፎልድኢኮ የኢ. ኮላይን ዋና ዋና ሻፐሮኖች፣ ፕሮቲን ቆራጭን ጨምሮ፣ በአንድ ላይ ያስቀመጠ የዚህ ዓይነት ሞዴል ነው።

ጂፒዩ የለንም ብለው ርዕሳቸውን የሚጥሉ ተማሪዎች ይህን ዘዴ ቢያዩት ደስ ይለኛል። ድክመቱ ቁጥሮቹን ከሙከራ ማግኘት የግድ መሆኑ ነው። አምስት የፍጥነት ቁጥር ገምታችሁ ሦስት ነጥብ ላይ ብታስገጥሙ ምንም አልተናገራችሁም።

እኔ ብሆን

ጥያቄዬ «ይህ ቁራጭ በኤችኤስፒ70 ይያዛል?» ከሆነ በትንበያ ጀምሬ በሙሉ አቶም እጨርሳለሁ። ኤችኤስፒ70 ፕሮቲንን በሚቶኮንድሪያ ቀዳዳ እንዴት እንደሚስብ ለማየት ግን ወደ ሙሉ አቶም ዞርም አልል። በ2006 የቀረበው የኢንትሮፒ ስበት ሐሳብ እንደሚያሳየው ሻፐሮኑ ትልቅ አካሉን ይዞ ቀዳዳው አፍ ላይ መቀመጡ ብቻ ሰንሰለቱን ወደ ውስጥ ለመሳብ ይበቃል፤ ይህን በክርና በአንድ ትልቅ ዶቃ ማሳየት ይቻላል። የግሮኢኤል ዋሻ ከሆነ ሙጫ የተጨመረበት የጎ ሞዴል ከሚቀያየር ግድግዳ ጋር፣ ጎን ለጎንም ኪኔቲክስ። በሙቀት ጊዜ ስለሚበላሹ ብዙ ፕሮቲኖች ከሆነ ኪኔቲክስ ብቻ። ርዕሱ ገና ካልጠራላችሁና ነገሩን በዓይናችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ደግሞ ኬን ዲል በ1980ዎቹ ያስተዋወቀውን ባለ ሁለት ፊደል የካሬ ወረቀት ሞዴል ሞክሩ፤ አሚኖ አሲዶቹ «ውሃ የሚሸሽ» እና «ውሃ የሚወድ» ብቻ ናቸው። በአሮጌ ላፕቶፕ ይሠራል፤ ፕሮቲን ሲሳሳት በዓይን ይታያል።

ደንበኛ ፕሮቲን ስትመርጡ በሙከራ ብዙ የተጠናውን ውሰዱ። 33 ኪሎዳልተን ያለው ሮዳኔዝ ወይም ከሮዶስፒሪለም ሩብረም ባክቴሪያ የተገኘው ሩቢስኮ ያለ ግሮኢኤል ሲታጠፉ ምን እንደሚሆኑ በብዙ ሙከራ ተለክቷል፤ የምታወዳድሩበት ቁጥር አለ ማለት ነው።

ሻፐሮኑን ሞዴሉ ውስጥ ከማስገባታችሁ በፊት ግን ደንበኛውን ፕሮቲን ብቻውን፣ ከተለያየ መነሻ፣ ሃምሳ ጊዜ ያህል አስኪዱት። ሃምሳውም ጊዜ ያለ እንከን ከታጠፈ ሻፐሮኑን አትጨምሩ፤ ወይ ሙጫውን አጠንክሩ፣ ወይ ሌላ ፕሮቲን ፈልጉ።